ኩባንያው ሊሸጥ ነው ሲባል የአክሲዮኑ ዋጋ ምን ይሆናል?

ሰሞኑን አንድ የቁም እንስሳት ነጋዴ ደውሎ፣ «ናይሮቢ አክሲዮን ገበያ ላይ ያለ አንድ ኩባንያ በትልቅ ድርጅት ሊጠቀለል ነው ይላሉ። የዘንድሮ በሬዎቼን የሸጥኩበትን ገንዘብ ላስገባበት?» ሲል ጠየቀኝ። በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ ጥያቄው ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። መልሱን ከሥጋ ንግድ በተወሰደ ምሳሌ ላስረዳ።

ስሚዝፊልድ ፉድስ የአሜሪካ ትልቁ የአሳማ ሥጋ አምራች ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2013 አንድ አክሲዮኑ 25.97 ዶላር ነበር። በማግስቱ የቻይናው ሹዋንግሁዊ እያንዳንዱን አክሲዮን በ34 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ለመግዛት መስማማቱ ተገለጸ። በዚያው ዕለት ዋጋው 28 በመቶ ያህል ዘልሎ 33.35 ዶላር ላይ ተዘጋ።

ገዢው ከገበያው ዋጋ 31 በመቶ ገደማ ጨምሮ የከፈለው ለምንድን ነው? ከመንጋ አንድ ወይፈን መርጦ መግዛትና መንጋውን ከነበረቱ ጠቅልሎ መግዛት አንድ ስላልሆነ ነው። የዕለቱ የገበያ ዋጋ የጥቂት አክሲዮኖች ዋጋ ነው። ኩባንያውን በሙሉ የሚፈልግ ግን የማዘዝ ሥልጣኑንም ይገዛል፤ መሸጥ ያላሰበውን ባለአክሲዮን ጭምር ማሳመን አለበት።

ታዲያ ዋጋው 34 ያልደረሰው ለምንድን ነው? በሬያችሁን አንዱ ዛሬ በእጅ በእጅ፣ ሌላው ከአራት ወር በኋላ ልክፈል ቢላችሁ፣ ለሁለቱ እኩል ዋጋ አትጠሩም። የስሚዝፊልድ ሽያጭም የመንግሥት ፈቃድና የባለአክሲዮኖች ድምፅ ያስፈልገው ስለነበር የተጠናቀቀው ሴፕቴምበር 26 ቀን ነው። የ65 ሳንቲሟ ልዩነት የመጠበቂያና የስጋት ዋጋ ነበረች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከዜናው በኋላ በ33.35 የገዛ ሰው ሽያጩ ከተሳካ 65 ሳንቲም ያተርፋል። ከፈረሰና ዋጋው ወደ 25.97 ከተመለሰ 7.38 ዶላር ይከስራል። ኪሳራው የትርፉን 11 እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ስሌት ገበያው ሽያጩ የመሳካት ዕድሉን 92 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቶታል ማለት ነው። ትልቁን ትርፍ ያገኙት ከዜናው በፊት አክሲዮኑን ይዘው የቆዩት ናቸው።

ጥያቄ ሁሉ ደግሞ ወደ ሽያጭ አይደርስም። የብራዚሉ ጄቢኤስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የዶሮ ሥጋ አምራቹን ፒልግሪምስ ፕራይድ ቀሪ አክሲዮኖች በ26.50 ዶላር ልግዛ ብሎ ነበር። ስምምነት ላይ ባለመደረሱ በፌብሩዋሪ 2022 ጥያቄውን አነሳ።

በእኛም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኬንያው የዱቄትና የእንስሳት መኖ አምራች ኡንጋ ግሩፕ ባለአክሲዮኖች በአክሲዮን 40 ሽልንግ ቀርቦላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ባለአክሲዮኑ የዛሬውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኩባንያው ወደፊት የሚያተርፈውንም አስልቶ መወሰን አለበት።

ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦
1. ጥያቄው በይፋ ቀርቧል ወይስ ወሬ ነው?
2. የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በገዢው አክሲዮን? በአክሲዮን ከሆነ የገዢው ዋጋ ሲወርድ የእናንተም ድርሻ ይወርዳል።
3. የማን ፈቃድ ይቀረዋል?
4. ሽያጩ ቢፈርስ ዋጋው የት ይመለሳል?

ለደዋዩም የመለስኩለት ይህንኑ ነው። ጥያቄው በይፋ ካልቀረበ የያዘው ወሬ ብቻ ነው። የሰማው ከኩባንያው ውስጥ የሾለከ ምስጢር ከሆነ ደግሞ በዚያ መነገድ በሕግ ያስጠይቃል። በይፋ ከቀረበም ዋናው ጭማሪ አልፏል። የሚቀጥለውን ዙር ከብት የሚገዛበትን ገንዘብ እዚያ እንዳያስገባው መክሬዋለሁ።