ለልጅ ትንፋሽ የተገዛ ዕቃ፦ የቤት አየር ማርጠቢያዎን ለዓመታት እንዴት ያቆዩታል?

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል የአገራችን ሰው የብርዱን ነገር ሲያነሳ። በወልድያና በአካባቢዋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ግን ብርድ ብቻ ይዘው አይመጡም፤ ደረቅ አየርና አቧራም አብረው ይመጣሉ። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የእጅ ቆዳ ይነጣል፣ ልጆች ሌሊት አፍንጫቸው ታፍኖ ይነቃሉ፣ አንዳንዶቹንም ይነስራቸዋል። ሂውሚዲፋየር ስለሚባለው የክፍል አየር ማርጠቢያ ብዙ ወላጅ መጠየቅ የሚጀምረው በዚህ ወቅት ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ ሌላው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይልክለታል።

የዕቃው አሠራር ቀላል ነው። ውሃ ይሞሉበታል፣ ሶኬት ላይ ይሰኩታል፣ ጉም የመሰለ ተን ያወጣል። ችግሩ የሚመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ተኑ ይቀንሳል፣ ውሃው መሽተት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ዕቃው ቁም ሳጥን አናት ላይ ተሰቅሎ ይረሳል። ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሳጥን ላይ ምን በትልቁ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፦ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ስንት ዓይነት መብራት እንደሚያበራ። በየስንት ቀኑ መታጠብ እንዳለበት ግን የሚገኘው መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ነው። የዕቃውን ዕድሜ የሚወስነውም ይኸው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። አብዛኛው ማርጠቢያ የሚበላሸው ብዙ ስለሠራ አይደለም፤ በሚጨመርበትና በውስጡ በሚያድረው ውሃ ምክንያት ነው። ያው ውሃ ደግሞ ልጅዎ የሚተነፍሰው ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

እነዚህ ዕቃዎች በብዛት የተሠሩት ክረምቱን ሙሉ በማሞቂያ ለሚኖሩ አገሮች ነው። ቀዝቃዛ አየር ቤት ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ በጣም ይደርቃል። የእኛ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያ የለውም። ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር በአየር ውስጥ ያለው የእርጥበት መቶኛ ከፍ ይላል፤ ዋናው ድርቀት የሚታየው ቀን ፀሐይ ስትበረታ ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስለገዛ ብቻ ለእርስዎም ያስፈልግዎታል ማለት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ወልድያና ዝቅ ብላ ሞቅ ያለችው መርሳም አንድ ዓይነት አየር የላቸውም።

መፍትሔው ሃይግሮሜትር የሚባለው ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ነው። ዋጋው ከማርጠቢያው ያነሰ ነው፣ መጠኑም መዳፍ ላይ ይቀመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ቢሆን ይመክራል። መለኪያውን መኝታ ክፍል አስቀምጠው ለአንድ ሳምንት ማታና ጠዋት ይመዝግቡ። በተደጋጋሚ ከ30 በታች ካሳየ ማርጠቢያ ይጠቅምዎታል። ከ50 በላይ ከሆነ ግን ግድግዳ ላይ ሻጋታ፣ ፍራሽ ውስጥ ደግሞ የአቧራ ነፍሳት ይራባሉ፤ አስም ላለበት ልጅ ይህ ከድርቀቱ የባሰ ነው።

ቁጥሩ ከ30 ትንሽ ዝቅ ያለ ብቻ ከሆነ ታጥቦ የተጨመቀ ልብስ ክፍሉ ውስጥ ማስጣት ሊበቃ ይችላል። አየሩ እንዲረጥብ ብሎ በተዘጋ መኝታ ክፍል ከሰል ላይ ድስት መጣድ ግን ፈጽሞ አይደረግም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ሳለ ይገድላል።

የትኛውን ዓይነት?

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው አልትራሶኒክ የሚባለው ነው። ከሥሩ ያለች ትንሽ ክብ ሳህን በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠች ውሃውን ሳታፈላ ወደ ጉም ትቀይረዋለች። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ መብራትም አይበላም። ሁለተኛው ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ነው። ሦስተኛው ደግሞ በረጠበ ማጣሪያ ውስጥ በፋን አየር የሚያሳልፍ ነው።

የመብራት ሒሳቡን እናስላው። 30 ዋት የሆነ አልትራሶኒክ ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢሠራ 0.24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። 300 ዋት የሆነው የሚያፈላው ዓይነት ግን በዚያው ሌሊት 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። የሚያፈላው በሙቀቱ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ነገር ግን ሕፃን ገፍቶ ቢጥለው ያቃጥላል። ማጣሪያ ያለውን ከመግዛትዎ በፊት መለዋወጫ ማጣሪያው የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ወልድያ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በየሁለት ሦስት ወሩ የሚቀየር ዕቃ ከዚያ የሚመጣ ከሆነ ማርጠቢያው በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ከቻሉ ማጣሪያውን ከዕቃው ጋር አብረው ይግዙ።

ከአሜሪካ ለተላከልዎ ዕቃ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ገደማ። ከመሰካትዎ በፊት ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚል ካለ ይሠራል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል።

ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው

ቤትዎ ያለውን የውሃ ማፍያ ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከሠራ ውሃዎ ማዕድን ይበዛበታል ማለት ነው። ያው ማዕድን አልትራሶኒኩ ሳህን ላይ ይጋገርና ንዝረቱን ያፍነዋል። ተኑ የሚቀንሰው፣ ሳህኗም ከመጠን በላይ ሞቃ የምትበላሸው በዚህ ነው። ቀሪው ማዕድን ከጉሙ ጋር ወጥቶ ቴሌቪዥንና ጠረጴዛ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ያርፋል፤ ልጅዎም ይተነፍሰዋል።

የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ ከሁሉ የተሻለ ነው። በመኪና መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠውን ግን አይጠቀሙ፤ በዚያ ስም አሲድም ይሸጣልና። የታሸገ ውሃ ከገዙ መለያው ላይ ቲዲኤስ የሚለውን ቁጥር ያወዳድሩ፤ ዝቅ ያለው ይሻላል። አምቦ ውሃማ ጭራሽ አይታሰብ።

ያለዎት የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙት፣ ሌሊቱን ያሳድሩትና ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ አድርገው ይቅዱ። መፍላቱ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ከማዕድኑም የተወሰነው ከሥር ይሰክናል። የቤት ውሃ ማጣሪያ ተሕዋስያንን ቢያስቀርም በውሃ የሟሟ ማዕድንን አብዛኛውን ጊዜ አያስቀርም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ደግሞ በጀሪካንና በሮቶ የቆየውን ውሃ ሳያፈሉ አይጠቀሙ።

የጠዋት፣ የሦስት ቀንና የሳምንት ሥራ

ከላይ የጠቀስነው ኤጀንሲ የውሃ መያዣው በየቀኑ ባዶ እንዲደረግ፣ ተንቀሳቃሽ ማርጠቢያም በየሦስት ቀኑ እንዲታጠብ ይመክራል። በቤት ውስጥ እንዲህ ይከፋፈላል።

ጠዋት ጠዋት፦ ከሶኬት ይንቀሉ። የቀረውን ውሃ ይድፉ፣ ለአበባ ማጠጣት ይቻላል። ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁና ክዳኑን ከፍተው ይተዉት። አዲስ ውሃ የሚሞላው ማታ ነው። ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

በየሦስት ቀኑ፦ መያዣውን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁ። ጣትዎን ውስጡ ላይ ሲያንሸራትቱ የሚያዳልጥ ነገር ከተሰማዎ ባክቴሪያ መራባት ጀምሯል።

በየሳምንቱ፦ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ሳህኗ ያለችበት ሥፍራ ላይ ያፍስሱ፤ ለ20 ደቂቃ ይተዉት። ቅርፊቱን በጆሮ ጥጥ ወይም ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ ያንሱ። አቼቶ ከሌለ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል። በቢላዋ ወይም በብረት ሽቦ አይፋቁ፤ ሳህኗ ከተጫረች ዕድሜዋ አለቀ። ሞተሩ ያለበትን የታችኛውን ክፍልም ውሃ ውስጥ አይንከሩ።

መመሪያው በረኪና የሚፈቅድ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠው መያዣውን ብቻ ያጥቡ፤ ሽታው እስኪጠፋም ደጋግመው ያለቅልቁ። በረኪናና አቼቶ ግን በአንድ ላይ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ።

ከውሃ በቀር ምንም አይጨመርም

በደቡብ ኮሪያ ማርጠቢያ በየቤቱ የተለመደ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአገሪቱ ውሃው ውስጥ የሚጨመር ተሕዋስያን ማጥፊያ ፈሳሽ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። እናቶችና አባቶች የልጆቻቸው አየር ንጹሕ ይሁን ብለው ነው የገዙት። እ.ኤ.አ. በ2011 ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችና ወላዶች ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ምርመራው ወደዚያው ፈሳሽ አመራ፤ ምርቶቹም በዚያው ዓመት ከገበያ ተሰበሰቡ። በዚህ ጉዳይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ይገኙባቸዋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዕቃ ለማጠብ የሚሆን ፈሳሽ ለመተንፈስ አይሆንም። ማርጠቢያው እየሠራ ሳለ ውሃው ውስጥ በረኪና፣ ዴቶል ወይም የውሃ ማከሚያ መድኃኒት አይጨምሩ። ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ልማዳችን ነው፤ ሆኖም ቅጠሉንም ሆነ ዘይቱን መያዣው ውስጥ መጨመር አይገባም። ዘይት ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል፣ ሳህኗንም ይደፍናል፣ የሕፃንንም አየር ቧንቧ ያስቆጣል።

መብራት ሲጠፋና በልግ ሲገባ

መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ወዲያው ከሶኬት ይንቀሉ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አሥር ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ስታቢላይዘር ካለዎት በእሱ በኩል ያድርጉት። ሁለተኛ፣ ውሃውን ይድፉ። መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋና ውሃው እዚያው ቢቆይ፣ መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ የሚበተነው የቆመ ውሃ ነው።

አቀማመጡም ዕድሜውን ይለውጠዋል። ከወለል ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአልጋ፣ ከግድግዳና ከቴሌቪዥን ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። ዕጣን በሚጤስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል አያስቀምጡት፤ ጭሱ ፋኑ ላይ ይጋገራል። ቀን ቀን መስኮት ከፍተው ክፍሉን ያናፍሱ።

የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ሲጀምርና መለኪያዎ ከፍ ሲል ማርጠቢያውን ማሳረፍ ይገባል። ብዙዎቹ የሚበላሹት በዚህ ወቅት ነው። ትንሽ ውሃ ቀርቶበት የተከደነ ዕቃ እስከሚቀጥለው ጥቅምት ድረስ ሻጋታ ሲያበቅል ይከርማል። በአቼቶ አጥበው፣ አለቅልቀው፣ ክዳኑን ከፍተው ለሁለት ቀን ነፋስ ያስመቱት። ያረጀውን ማጣሪያ ይጣሉ። ከዚያ በራሱ ሳጥን ውስጥ ከመመሪያውና ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት። በጥቅምት ሲያወጡት ደግሞ እንደገና አጥበው ይጀምሩ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ማርጠቢያ መድኃኒት አይደለም። ልጅዎ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ከሆነ ዕቃውን ትተው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። አስም ያለበት ልጅ ካለዎትም ከመግዛትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ማርጠቢያው አሁን ቤትዎ ካለ ዛሬ ማታ ከመሰካትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱት፣ ጣትዎንም ውስጡ ላይ ያንሸራትቱ። ከሸተተ ወይም ካዳለጠ ዛሬ ሳይሰካ ይደር፤ ነገ ጠዋት አቼቶ ገዝተው ይጀምሩ።