ዜግነት ሲለወጥ የመኖሪያ መብት ምን ይሆናል?

ፓስፖርት ማደስና ዜግነት መለወጥ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ እወዳለሁ። ፓስፖርት የዜግነት ማስረጃ ነው፤ ቢታደስ ዜግነቱ አይለወጥም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ አሜሪካዊ የሆነ የጎንደር ተወላጅ ጡረታውን በአባቱ ቤት ሊያሳልፍ ቢመለስ፣ በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ነው። የሚታደገው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን መታወቂያ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። እንደ እኔ አረዳድ፣ መታወቂያው የሚመልሰው ኑሮን እንጂ ዜግነትን አይደለም፤ ዜግነቱን የሚሻ ሰው መኖሪያውን በኢትዮጵያ መሥርቶ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ማመልከት ይኖርበታል።