አንድ ዲናሞ፣ ሁለት ባትሪ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የምትጓዝ የሞተር ጀልባ ኤሌክትሪክን ለሁለት ተግባር ትሻለች። አንደኛው ሞተሩን ማስነሳት ሲሆን፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እጅግ ከፍተኛ ጅረት ይጠይቃል። ሁለተኛው ለመብራት፣ ለራዲዮና ውኃ ለሚያወጣ ፓምፕ የሚውል፣ አነስተኛ ነገር ግን ለሰዓታት የሚዘልቅ ጅረት ነው። ሁለቱም ከአንድ ባትሪ ከተቀዱ መብራቱ የሞተሩን ማስነሻ ኃይል ሊጨርሰው ይችላል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና በሰው ጉልበት ተገፍቶ ይነሳል፤ በጣና መካከል የቆመችን ጀልባ ግን ማን ይገፋታል?

ስለዚህ ሁለት ባትሪ መያዝ ይመረጣል። ታዲያ በአንድ ዲናሞ ሁለቱን እንዴት ቻርጅ እናድርግ?

ቀላል የሚመስለው ዘዴ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ጋር አገናኝቶ መተው ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ሲጠፋ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የተሞላ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። የደከመው 11.8 ቮልት ቢሆን፣ የባትሪዎቹና የሽቦዎቹ ጠቅላላ ተቃውሞም 0.05 ኦም ነው ብንል፣ በኦም ሕግ መሠረት መጀመሪያ ላይ 0.9 ÷ 0.05 = 18 አምፔር ከሙሉው ወደ ደካማው ይፈስሳል። ድካሙ ለሁለቱም ይዳረሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በዲናሞውና በእያንዳንዱ ባትሪ መካከል ዲዮድ ማስገባት ነው። ዲዮድ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ አንዱ ባትሪ ሌላውን አያደክምም። ሆኖም የሲሊከን ዲዮድ 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል። ዲናሞው 14.2 ቮልት ቢሰጥ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.5 ብቻ ነው። ባትሪው በሚገባ ሳይሞላ ሲሰነብት በሰሌዳዎቹ ላይ የቀረው የእርሳስ ሰልፌት እየጠነከረ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ሦስተኛው ቮልቴጅን የሚለይ ሪሌይ ነው። ሞተሩ ሠርቶ ቮልቴጁ ለምሳሌ 13.3 ሲደርስ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፤ ከ12.8 በታች ሲወርድ ይለያቸዋል። ግንኙነቱ በብረት ንክኪ ስለሆነ የሚባክነው ቮልቴጅ እጅግ አነስተኛ ነው።

ማንኛውም ዘዴ ግን ዲናሞው የሚያመነጨውን ኃይል አይጨምርም። ለመሙላት 20 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ፣ ዘጌ ለመድረስ በሚወስደው አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ፣ ለሁለቱ ባትሪዎች በድምሩ ከ20 አምፔር-ሰዓት በላይ አያስገባም። ሌሊቱን 40 አምፔር-ሰዓት ወጥቶ ከሆነ ግማሹ ዕዳ ይቀራል።

በመጨረሻም፣ በእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ሊኖር፣ ሃይድሮጅን ጋዝ እንዳይጠራቀምም ሥፍራው አየር ሊያገኝ ይገባል። ከወደብ ከመነሳት በፊት የሁለቱንም ቮልቴጅ መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።