አክሲዮን ወደ ጡረታ ቁጠባ ሲዛወር ዋጋው የሚቆረጠው በዕለቱ ነው

ከሸዋ በር። ዛሬ የፈረሱላ ዋጋ ሳይሆን የጡረታ ነገር ነው የምናወራው። ቶሮንቶ ብዙ የሐረር ልጅ አለ፤ ከእዚያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በስሜ ያለውን አክሲዮን ወደ ጡረታ ቁጠባ ላዛውረው ወይስ ልሽጠው?» መልሱ እዚህ ላለነውም ይጠቅማል።

ካናዳ ውስጥ አር.አር.ኤስ.ፒ. የሚባል የጡረታ ቁጠባ አለ። ባለፈው ዓመት ከተገኘው የሥራ ገቢ እስከ 18 በመቶ ማስገባት ይቻላል፤ ጣሪያው ለ2025 እ.ኤ.አ. 32,490 ዶላር ነው። የገባው ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ግብሩ የሚመጣው ሲወጣ ነው። አክሲዮኑን ሳይሸጡ እንዳለ ማስገባትም ይፈቀዳል።

ግን ሕጉ ማዛወሩን እንደ ሽያጭ ነው የሚቆጥረው። ጀንፈል ሚዛን ላይ በወጣበት ቀን ዋጋ እንደሚቆረጥለት በሉት። በ10,000 ዶላር የተገዛ አክሲዮን በዕለቱ 16,000 ካወጣ፣ 16,000 ገባ ተብሎ ይመዘገባል፤ የ6,000ው ትርፍም ግማሹ ገቢ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል።

ከስሮ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በ10,000 ተገዝቶ 7,000 የደረሰውን እንዳለ ብታስገቡት የ3,000 ዶላሩ ኪሳራ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ከሌላ ትርፍ ላይ ማቻቻል አይቻልም። መጀመሪያ ሸጦ ገንዘቡን ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ያንኑ አክሲዮን ግን ከሽያጩ በፊትም በኋላም ባሉት 30 ቀናት ውስጥ፣ በጡረታ ሒሳቡም ቢሆን፣ አትግዙ፤ ከገዛችሁ ኪሳራው አይያዝላችሁም። የአገር ቤት የባንክ አክሲዮን ደግሞ እዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የኛ ገበያ ካናዳ ከተቀበለቻቸው ገበያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም።

ወደ እኛ እንምጣ። በአዋጅ 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ ድምሩ እዚህም 18 ነው። ልዩነቱ፣ የኛ ጡረታ በስም የተከፈተ ሒሳብ አይደለም፤ አክሲዮን አይቀበልም። አበሉ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ወርሃዊ አበል የለውም። የዩኒየንና የላኪ ድርጅት ሠራተኞች፣ መዋጮው በእውነተኛ ደመወዛችሁ ልክ እየገባ መሆኑን አጣሩ። በግማሽ ደመወዝ የሚመዘገብ ሰው በግማሽ ጡረታ ነው የሚያረጀው።

ደላላና ነጋዴ ግን አሠሪ የለውም። ብዙዎቻችን «ጡረታዬ ያቺ የባንክ አክሲዮን ናት» እንላለን። ጥሩ ነው፣ ግን የዕለት ዋጋዋ ስንት ነው? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ያልተመዘገበ አክሲዮን ግን ዛሬም ገዢ ተፈልጎ በድርድር ነው የሚሸጠው። ገዢ የሚጠፋው ደግሞ ገንዘብ በምትፈልጉበት ሰሞን ነው።

ስለዚህ፦
• የአክሲዮን ሰርተፍኬትና የተገዛበትን ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ትርፍ የሚሰላው ከእሱ ተነስቶ ነው።
• የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የዘንድሮውን መጣኔ ከገቢዎች ጠይቁ።
• እርጅናችሁን በአንድ ባንክ ወይም በአንድ መጋዘን ቡና ላይ አትጣሉ።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍ። መልካም ገበያ!