የናማጋን ጎጆ ማን አቃጠለው?

በክረምት ምሽት ጊምቢቹ ላይ ጉም ሲወርድ የጓሮው እንሰት አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። ነፋስ ሲነካው ሰፋፊው ቅጠል እየተፋተገ ሰው የሚራመድ ይመስላል። ባለፈው ክረምት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከሆሳዕና እናቴ ቤት የሄድኩ ዕለት ጉሙም ወረደ፣ መብራቱም ጠፋ።

ትልቁ ልጄ በስልኩ አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ይዞ ነበር። ታሪኩ በረዶ በከበባት የተራራ መንደር ውስጥ ነው። አንድ ሰው ይጠፋል፤ ከከተማ መርማሪ ይመጣል፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የስልኩ ባትሪ አለቀ።

“ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ!” እያለ ሲነጫነጭ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ሳቀች።

“በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መርማሪ የሚባል አይመጣም ነበር።”

“ታዲያ ማን ነበር የሚመረምረው፣ እማማ?”

“አገሩ ሁሉ ነዋ!”

ይህ መልስ ከዓመታት በፊት ያነበብኩትን መጽሐፍ አስታወሰኝ። እኔም የቀረውን ፊልም በዚያ ታሪክ ልተካለት ብዬ ጀመርኩ።

ሠላሳ መንደር ለአንድ ጥያቄ

መጽሐፉ “ዘ አፈርሳታ” ይባላል። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ ታትሟል። የወጣውም ሃይነማን የተባለው አሳታሚ በሚያወጣቸው የአፍሪካ ደራሲያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሣህለ ሥላሴ የጉራጌ አገር ልጅ ናቸው። ከዚያ በፊት በቸሃ ቋንቋ የጻፉትን ልቦለድ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል። በአማርኛም “ወጣት ይፍረደው”ን ጽፈዋል።

የ“ዘ አፈርሳታ” ታሪክ የሚጀምረው በቃጠሎ ነው። ናማጋ የተባለ ሰው ጎጆ በሌሊት ይነድዳል። ማን እንዳቃጠለው አይታወቅም። ውድማ በሚባለው አካባቢ ያሉ የሠላሳ መንደር ወንዶች ጥፋተኛውን በአባቶች ሥርዓት ለማግኘት ይወጣሉ። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥርዓት ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ መጽሐፉ ከእጃችሁ ከገባ ከልጆቻችሁ ጋር ድረሱበት።

ጉራጌና ሀዲያ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱም በእንሰት የሚኖሩ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ላም በድምፅ የሚለይባቸው አገሮች ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ አጥፊው ባዕድ ሊሆን አይችልም። ከመካከላችን አንዱ ነው። የተራራ መንደር ምስጢር የሚያስፈራውም ለዚህ ይመስለኛል።

ወፏ ምን አለች?

አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጪኝ፣ በብዙ የአገራችን ክፍል ይሠራበት የነበረ የምርመራ ሥርዓት ነው። ሌብነት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ደርሶ ጥፋተኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። መሐላ ይፈጸማል። ከዚያ ሰው ሁሉ ያየውንና የሰማውን፣ የጠረጠረውም ካለ የጠረጠረውን ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ችግር አለ። ጎረቤቱን በአደባባይ “እሱ ነው” ብሎ ማታ አብሮት ወደ አንድ መንደር የሚመለስ ማን ነው? ደግሞስ “ዝም አይነቅዝም” እየተባለ ያደገ ሰው ለምን ይናገራል? አባቶች ለዚህ “ወፍ” የሚባል ዘዴ ነበራቸው። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር ይናገራል። ሽማግሌውም ወደ ጉባኤው ተመልሶ “ወፍ ነገረችኝ” ይላል። ዛሬ ለልጆቻችን በቀልድ የምንላት “ወፍ ነገረችኝ” ያኔ ምስክርን ከበቀል የምትከልል ነበረች።

ጥፋተኛው ካልተገኘስ? ካሣውን አገሩ ተጋግዞ ይከፍላል። ስለዚህ ዝምታ ነጻ አልነበረም፤ ያላጠፋውም ከኪሱ ያወጣ ነበር። አጥፊውን ለማውጣት ሁሉም የሚተጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ለማለት አይደለም። ቂም የያዘ ሰው ወፍ ሆኖ ንጹሑን ሊጠቁም ይችላል። ከአውጫጪኝ የባሰም ነበር። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ኋላ ላይ ይህ ልማድ ተከልክሏል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ምርመራን የፖሊስ ሥራ አደረገው።

“ያ ልጅ ግን ያሳዝናል” አለ ትልቁ ልጄ። “ምንም ሳያይ ነው የሚመሰክረው።”

መንደሩን የምታውቅ አሮጊት

ፈረንጆቹም የመንደር ምስጢር ይወዳሉ። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣችው ልቦለድ ሚስ ማርፕል የተባለች አሮጊት አምጥታለች። ሚስ ማርፕል የምትኖረው ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ሹራቧን እየሠራች ጎረቤቶቿን ትታዘባለች። ፖሊስ ግራ የገባውን ነገር እሷ ትፈታዋለች፤ አዲስ ወንጀል ስትሰማ ድሮ በመንደሯ ካየችው ሰው ጠባይ ጋር ታመሳስለዋለችና።

አያቶች ሆይ፣ ይህቺን ሴትዮ አታውቋትም? ልጁ ከበር ሲገባ ፊቱን አይታችሁ “ዛሬ አንድ ነገር ሆነሃል” የምትሉት እናንተ አይደላችሁም?

አንድ ቃል ደግሞ አለ። በአማርኛ የልቦለድን የታሪክ አወቃቀር “ሴራ” እንለዋለን፤ የተንኮል ምክክርም ሴራ ነው። በሀዲያ ግን “ሴራ” አባቶች ያቆዩት ደንብ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ሕግ። እናቴ ይህን ስነግራት “እናንተ ሴራ የምትሉትን የሚፈታው የእኛ ሴራ ነዋ” አለች።

በምድጃው ዙሪያ የተደረገ አውጫጪኝ

ታሪኩ ሲያልቅ ልጆቹ “እኛም አውጫጪኝ እንቀመጥ” አሉ። የሚመረመር ነገር አልታጣም። ቀን ላይ የእናቴ የወተት ቅል ተሰብሮ ተገኝቶ ነበር። እናቴ ሽማግሌ ሆነች። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለን ያየነውን እንድንነግራት፣ እሷም ወፏን እንዳትገልጥ ተስማማን።

ትልቁ ልጄ አንሾካሾከና እየሳቀ ተመለሰ። ቅሉን የሰበረው ማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን ከእናቴ ጆሮ ቶሎ አልተላቀቀችም። እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አልብሳ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠራችኝ። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በፊት ለወራት የልጅቷ እስክሪብቶ፣ ደብተርና የምሳ ገንዘብ እየጠፋ ተቸግረን ነበር። እኔ “ዝርክርክ” እያልኩ ስቆጣት፣ አባቷም ሲመክራት ከረምን። ለካ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ እየጠበቁ የሚቀሟት ከፍ ያሉ ልጆች ነበሩ። “ብትናገሪ እንመታሻለን” ብለዋታል። ቤታችን ውስጥ የነበረውን ምስጢር አንዲት ልጅ ብቻዋን ተሸክማው ነበር። ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የጠየቅኳት “የት ጣልሽው?” ብዬ ነው።

“ለሰው እንዳትነግሪ አላለችሽም?” አልኳት እናቴን።

“ብላኛለች። እኔም ‘ላንቺ የሚጠቅም ከሆነ ለእናትሽ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም’ አልኳትና እሺ አለች።”

ከዚያች ማታ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የያዝናቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ “ማን አደረገው?” ከማለታችን በፊት “ምን አየህ?” እንላለን። “ማን” የሚለው ጥያቄ ልጁን ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ያደርገዋል። “ምን አየህ” ግን ምስክር ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ “አየሁ”፣ “ሰማሁ” እና “መሰለኝ” የሚሉትን ሦስት ቃላት እናስለያለን። ፊልም ስናይም ይኸው ጨዋታችን ሆኗል። ልጆቹ አንዱን ገጸ ባሕርይ ሲጠረጥሩ “አይተሽ ነው ወይስ መስሎሽ?” ይባባላሉ። ይህን የለመደ ልጅ በሐሜት ሰው አይወነጅልም።

ሦስተኛው፣ ልጁ የሚያንሾካሹክለት አንድ ጆሮ ይኑረው። አያት፣ አክስት፣ አጎት ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ግን “ለማንም አልናገርም” ብሎ መማል የለበትም። ልጅን የጎዳ ወይም የነካ ሰው ካለ ነገሩ ለወላጅ፣ ለሐኪምና ለፖሊስ መድረስ አለበት። እናቴ እንዳደረገችው ለማን እንደሚነገር ለልጁ አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ከልጅቷ ጋር ሄጄ የክፍል ኃላፊዋን አነጋገርኩ። መንገዱንም ለጥቂት ሳምንታት ከወንድሟ ጋር ሆነች። ቀማኞቹ የሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ወላጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ። ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ደብተሩም ተተካ።

ስለ ቅሉ ግን እናቴ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ትልቁ ልጄ ሆሳዕና ከተመለስን በኋላ ካጠራቀመው ገንዘብ አዲስ ቅል ገዝቶ ላከላት። እሷም ደውላ አመሰገነችው። “ማን እንደሰበረው ግን አውቀዋል?” አላት።

“ወፍ ነግራኛለች” አለችው።