እገሌ ልኮኝ ነው

መርካቶ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከቤት ሲወጣ «እዚያ ሱቅ ስትደርስ እገሌ ልኮኝ ነው በለው» ተብሎ ይመከራል። ይህች አጭር ቃል ለገዢው ዋጋ ታስቀንስለታለች። ባለሱቁም ደንበኛው በማን በኩል እንደመጣ ያውቅባታል። ላኪው ደላላ ከሆነ ኮሚሽኑ፣ ወዳጅ ከሆነም ውለታው ይያዝለታል። ዩቲዩብ ላይ ወጥ እየሠራች የምታሳይ ሴት ከማማሰሉ ቆም ብላ «በእኔ ኮድ ስትገዙ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል» ስትል የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ተመልካቾቿን ወደ ሱቅ እየላከች «እሷ ልካን ነው በሉ» ማለቷ ነው። እዚህ ግን ቃሉን የሚቀበለው ኮምፒውተር ነው። ይህ ኮምፒውተር ድምፅም ፊትም ስለማይለይ ስሟ በፊደልና በቁጥር ተቆርጦ ሊሰጠው ይገባል። ፕሮሞ ኮድ የምንለው ይህንን ነው።

ኮዱ የሚገባው ገዢው ዕቃውን መርጦ ሊከፍል ሲል፣ ከድምሩ አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ሲጻፍ የሱቁ ሲስተም መዝገቡን ያገላብጣል፤ እንዲህ ያለ ኮድ አለ ወይ፣ ጊዜው አላለፈም ወይ፣ ይህ ደንበኛ ከዚህ በፊት ተጠቅሞበታል ወይ ብሎ ያጣራል። ሁሉም ከተሟላ ዋጋውን ይቀንስና ከትዕዛዙ ጎን የኮዱን ስም ይጽፋል። የቪዲዮ ሠሪዋ እንጀራ ያለው በዚያች ጽሑፍ ላይ ነው። ወር ሲያልቅ ስሟ የሰፈረባቸው ትዕዛዞች ይቆጠሩና ድርሻዋ ይሰላል።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፖስታ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸውን በተለያዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ሲያወጡ፣ ተቆርጦ በሚላከው ኩፖን ላይ ለእያንዳንዱ ጋዜጣ የተለየ ምልክት ያትሙ ነበር። ኩፖኑ ሲመለስ ምልክቱን አይተው የትኛው ጋዜጣ ገንዘባቸውን እንደመለሰ፣ የትኛው ደግሞ እንደበላው ይለዩ ነበር። የማስታወቂያ ባለሙያው ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 «ሳይንቲፊክ አድቨርታይዚንግ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ የቆመው በዚሁ ልማድ ላይ ነው፤ ማስታወቂያ ባመጣው ሽያጭ ይመዘን ባይ ነበር። የያኔው ምልክት ለጋዜጣ የተሰጠ ነበር፤ የዛሬው ለሰው ተሰጥቷል።

«ሊንክ እያለ ኮድ ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አማዞን ሊንክ ለለጠፈለት ሰው ኮሚሽን የሚከፍልበትን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ እስከ ዛሬም አለ። ሊንኩ ሲነካ የገዢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ማስታወሻ ትቀመጣለች፣ እሷም «ይህን ሰው የላከው እገሌ ነው» ትላለች። የአማዞን ማስታወሻ ዕድሜዋ በመደበኛው 24 ሰዓት ነው። ዛሬ ሊንኩን ነክቶ «ደመወዝ ሲወጣ እገዛለሁ» ያለ ሰው እንደገና በሊንኩ ካልገባ ላኪው ተረስቷል። ከዚህም ሌላ ብዙ ቤተሰብ ዩቲዩብን የሚያየው ሳሎን ባለው ትልቁ ቴሌቪዥን ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ሊንክ ልንካ ብሎ አይነሳም። ኮድ ግን በጆሮ ይገባል፣ በአፍ ይተላለፋል፣ ከሳምንት በኋላም ትዝ ይላል። እናት ሰምታ ለልጇ «ያቺ ልጅ ያለችው ምን ነበር?» ብላ ልትጠይቅበት ትችላለች።

አሠራሩን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ፎርትናይት የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኮድ ይመስለኛል። የጨዋታው ባለቤት ኤፒክ ጌምስ «ሰፖርት ኤ ክሪኤተር» የሚባለውን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ላይ ነው። ለማመልከት ዋናው መስፈርት ቢያንስ በአንድ ማኅበራዊ መገናኛ 1,000 ተከታይ ማግኘት ነበር፤ ይህ ለጀማሪ የማይቀመስ ቁጥር አይደለም። ማመልከቻው ሲጸድቅ ቪዲዮ ሠሪው የመረጠው ስም ኮዱ ይሆናል። ተጫዋቹ በጨዋታው ሱቅ ውስጥ ልብስ ወይም ጭፈራ ሲገዛ ያንን ስም ያስገባል። ሲጀመር ተጫዋቾች በኮዱ ላወጡት ለእያንዳንዱ 10,000 ቪ-በክስ (የጨዋታው ገንዘብ) ቪዲዮ ሠሪው 5 ዶላር ያገኝ ነበር። ተጫዋቹ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም፤ አንዲት ሳንቲምም አይቀነስለትም። ያለ ምንም ጥቅም የሰው ስም ይጽፋል ማለት ነው፤ «ከዚህ ልጅ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ይድረሰው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። ሌላም የምወደው ነገር አለው። የገባው ስም ከ14 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል፣ ተጫዋቹም እንደገና መጻፍ አለበት። አንድ ጊዜ የተሰጠ ድጋፍ ለዘላለም አይበላም፤ ቪዲዮ ሠሪው በየሁለት ሳምንቱ እንደ አዲስ ሊያስታውስ፣ ተጫዋቹም እንደ አዲስ ሊወስን ይገደዳል።

ሁሉም ግን ጨዋታ አይጫወትም። ለአብዛኛው ቪዲዮ ሠሪ ኮድ የሚመጣው ከሱቅ ጋር በቀጥታ በመነጋገር ወይም የብዙ ሱቆችን ኮሚሽን በአንድ ላይ በሚያስተዳድሩ አገናኝ ድርጅቶች በኩል ነው። ትልቅ ስፖንሰር እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ሾፒፋይ በተባለው የኢንተርኔት ሱቅ መክፈቻ ሱቅ ያላት፣ በርበሬና ሽሮ ወይም የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ በጥቂት ደቂቃ ኮድ ልታወጣ ትችላለች። በመቶኛ ይቀነስ ወይስ በብር መጠን፣ ማጓጓዣው ነፃ ይሁን ወይስ አይሁን፣ ከመቼ እስከ መቼ ይሥራ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀምበት ወይስ ደጋግሞ የሚለውን ራሷ ትሞላለች። ስለዚህ ትንሽ ቻናል ያለው ሰው ትንሽ ሱቅ ያለውን ሰው ፈልጎ ቢያነጋግር ሁለቱም ያተርፋሉ። ሲነጋገር ግን ይሉኝታን ቤት ጥሎ ይሂድ። ድርሻው ቅናሹ ከተቀነሰ በኋላ ነው ወይስ ከመቀነሱ በፊት የሚታሰበው? ገዢው ዕቃውን ቢመልስስ? ክፍያው በየስንት ጊዜ ነው? የትዕዛዙን ቁጥር ቪዲዮ ሠሪው ራሱ ገብቶ ያያል ወይስ በባለሱቁ ቃል ብቻ ይታመናል? እነዚህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልሰፈሩ ወዳጅነትን የሚያበላሹ ጥያቄዎች ናቸው።

ሜሪላንድ ውስጥ የምግብ ቪዲዮ የምትሠራ አንዲት የቅርብ ወዳጄ የመጀመሪያ ኮዷን ስታገኝ በስሟ ይሁን አለች። ስሟ በ«ጸ» ይጀምራል። የአማርኛ ተናጋሪ በደንብ የሚያውቀው ችግር የተከሰተው ያኔ ነው። ሱቁ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ነው፤ «ጸ»ን አንዱ ቲና ኤስ ደርቦ ይጽፋታል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ ሦስተኛው በኤክስ። መጨረሻዋ ደግሞ በአይ ነው፣ በዋይ ነው፣ ወይስ በሁለት ኢ? ቪዲዮው በወጣ በሦስተኛው ቀን አስተያየት መስጫው «ኮዱ አይሠራም» በሚል ሞላ። ኮዱ ይሠራ ነበር፤ ሰዉ የሰማውን እንደመሰለው እየጻፈ ነው። አብረን ቁጭ ብለን ሌላ ቃል ፈለግን። በአማርኛ ሲጠሩትም በላቲን ሲጽፉትም አንድ መልክ ብቻ ያለው የምግብ ወይም የመጠጥ ስም ያስፈልገን ነበር፤ እንጀራ አልሆነም፣ በአይ የሚጽፈውም በኢ የሚጽፈውም አለ። በመጨረሻ «ቡና» አልን፤ ቢ፣ ዩ፣ ኤን፣ ኤ። ከኋላው 10 ቁጥርን ጨመርን፣ ቅናሹም 10 በመቶ ስለነበር ለማስታወስ ቀለለ። ዜሮውን ኦ ብለው እንዳይጽፉም ቃሉንና ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ በትልቁ ለሰባት ሰኮንድ አቆመችው። «አይሠራም» የሚለው በዚያው ቀረ።

ኮዱን በቪዲዮው ውስጥ የት ላንሳው ለሚል ሰው የእኔ ምክር ዕቃው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው የሚል ነው። በርበሬው ድስት ውስጥ ገብቶ፣ ቀለሙ ወጥቶ፣ ሠሪዋም ቀምሳ ፊቷ ላይ የሚታየውን ተመልካቹ ካየ በኋላ የሚነገር ኮድ ሌላ ክብደት አለው። ደግሞም ገንዘብ እንደምታገኝ ትናገር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለቪዲዮ ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ከሻጩ ጋር ያለው ግንኙነት በቪዲዮው ውስጥ ራሱ እንዲነገር ይመክራል፤ ከሥር ባለው ዲስክሪፕሽን ውስጥ ብቻ መጻፉ አይበቃም። ዩቲዩብም የሚከፈልበት ማስታወቂያ እንዳለበት ቪዲዮው ሲጫን ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለው። «ከዚህ ሽያጭ ድርሻ አለኝ» ለማለት አምስት ሰኮንድ ይበቃል። ሰው የሚቀየመው ድርሻ ስለተወሰደ አይደለም፤ ስለተደበቀ ነው።

ኮድ ሊሰረቅ ይችላል። የቅናሽ ኮዶችን እየለቀሙ የሚያጠራቅሙ ድረ ገጾች ስላሉ ቪዲዮውን ፈጽሞ ያላየ ሰው ኮዱን ከዚያ አንስቶ ሊገዛበት ይችላል። ይህን ጊዜ ቪዲዮ ሠሪዋ ያልላከችው ደንበኛ በስሟ ይቆጠርላታል፣ ባለሱቁ ደግሞ ሳያስፈልገው ቅናሽ ይሰጣል፤ እሷን ደስ የሚላት ለሰሞኑ ነው እንጂ ነገ ባለሱቁ ኮዱን ይሰርዘዋል። በተቃራኒውም ይሆናል፤ የላከችው ደንበኛ ለሌላ ይቆጠራል። ሃኒ የሚባለው፣ ለገዢዎች ኮድ እየፈለገ የሚሞክር የኮምፒውተር ማሰሻ ተቀጥላ በብዙ ታዋቂ ዩቲዩበሮች ቪዲዮ ላይ ሲተዋወቅ የኖረ ነው። የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅቱ ፔይፓል እ.ኤ.አ. በ2020 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የጠቀለለው ድርጅት ነው። በዲሴምበር 2024 ሜጋላግ የተባለ ዩቲዩበር ባወጣው ምርመራ ሃኒ በክፍያ ሰዓት የቪዲዮ ሠሪዎችን ኩኪ እያነሳ የራሱን ይተካል ሲል ከሰሰ። ሊጋልኢግል በሚል ቻናሉ የሚታወቀው ጠበቃ ዴቪን ስቶን ያለበት የቪዲዮ ሠሪዎች ቡድንም ፍርድ ቤት ሄደ። ፔይፓል በበኩሉ ኮሚሽኑን መጨረሻ ላይ ለተነካው ሊንክ መስጠት የኢንዱስትሪው ልማድ ነው ብሎ ተከላከለ። ጉግል በማርች 2025 ክሮም ለተባለው ማሰሻው ተቀጥላዎች ያወጣው ደንብ ለተጠቃሚው የሚታይ ጥቅም ሳይሰጡ የኮሚሽን ሊንክ፣ ኮድ ወይም ኩኪ ማስገባትን ከለከለ። መርካቶም ቢሆን ገዢውን ከሱቁ በር ላይ ተቀብሎ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል ደላላ ያጋጥማል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን የተነጠቀው ሰው በሩ ላይ ስላልነበረ የሆነውን አያይም።

የሜሪላንዷ ወዳጄም አንድ ልማድ ይዛለች። ከአንድ ዓመት በፊት የሠራችውን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ዛሬም ሰው ያየዋል፤ በተለይ በበዓል ሰሞን። አንድ ፋሲካ ላይ ባለሱቁ ሳይነግራት ኮዱ ጊዜው አልፎ ነበርና የበዓሉ ገዢ ሁሉ «ልክ ያልሆነ ኮድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ገጥሞት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ቡናው እስኪፈላ፣ የሱቁን ገጽ በስልኳ ትከፍትና አንድ ኪሎ በርበሬ ትመርጣለች። ሳጥኗ ውስጥ ኮዷን ትጽፋለች። ዋጋው ሲቀንስ ታያለች። ሳትከፍል ትዘጋዋለች።