የተጋጨ ጥንታዊ የውድድር መኪና፦ ይጠገን ወይስ ይወገድ?

ለዕለት አገልግሎት የሚውል መኪና የጥገናው ወጪ ከገበያ ዋጋው ሲበልጥ ይወገዳል፤ በጥቂት ቁጥር የተሠራ ጥንታዊ የውድድር መኪና ግን ዋጋው በአብዛኛው የሚመነጨው ከማንነቱ በመሆኑ ይህ ስሌት አይበቃውም። የማንነቱ ዋና መሠረት ሻንሲው፣ ማለትም ሞተሩና ቦዲው የሚያርፉበት፣ መለያ ቁጥር የተመታበት የብረት መዋቅር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የተሠራና በዚያው ዓመት በጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያ የተወዳደረ አንድ ፌራሪ 500 ሞንዲያል ተጋጭቶና ተቃጥሎ የቀረው ጭምድድ ብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ 1.875 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱ ይህንኑ ያሳያል።

ዋጋ ማውጣቱ ግን ለውድድር ብቁ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ሻንሲው ተለክቶ መጣመሙ ይታወቃል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ደግሞ ባለቀለም ፈሳሽ ተቀብቶ ላዩ ከተጠረገ በኋላ፣ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም ተመልሶ ሲወጣ ይገለጣል። በድካም፣ ማለትም ለዓመታት በተደጋገመ ጫና የተዳከመ ብረት በብየዳ ብቻ ጥንካሬው አይመለስም፤ ስለዚህ የአሽከርካሪውን ሕይወት የሚሸከሙት የመሪና የፍሬን ክፍሎች፣ ጥንታዊነታቸው ምንም ያህል ቢከበር፣ በአዲስ ሊተኩ፣ የወጡት ኦሪጅናል ክፍሎችም ከመኪናው ታሪክ ጋር ተመዝግበው ሊቀመጡ ይገባል።